ረ ያገኘው መንገድ

በዲላ እኔን የሚያህል መኪና ቆጣሪ አልነበረም። ይሄን የምለው ለጉራ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ለጉራም ነው፤ ግን እውነትም ነው። ጀርባዬን ለመንገዱ ሰጥቼ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ዳገቱን የሚወጣው የጭነት መኪና ኤንትሬ ይሁን ኡራል፣ ጭኖ ይሁን ባዶውን፣ በድምፁ ብቻ እነግራችሁ ነበር። ሹፌሩ ከሚስቱ ጋር ተጣልቶ ከወጣም አውቅ ነበር፤ ማርሽ ሲቀይር ያስታውቃል።

ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። አራተኛን ሁለት ጊዜ ስለተማርኩ አምስት ዓመት ተምሬያለሁ ብል ማንም ውሸታም አይለኝም። የቀረውን የተማርኩት ጭነት መኪና ላይ ነው። ከመሃል አገር መጥተው ዲላ ላይ ሱቅና መኪና የነበራቸው ሙስሊም ነጋዴዎች ነበሩ፤ በእነሱ መኪና ረዳት ሆኜ ሞያሌና ሻሸመኔ ስመላለስ ጢሜ በቀለ። በኋላ መኪናው ለግንባር ተፈልጎ ተወሰደ። እኔ መናኸሪያው በር ላይ ቆሜ ቀረሁ። "መኪናው ዘመተ፣ እኔ ቀረሁ" እያልኩ ሰው አስቅ ነበር እንጂ ሥራ ፈት መሆን የሚያስቅ ነገር የለውም።

የመንገድ ሰዎች ከአዲስ አበባ የመጡት ያን ሰሞን ነው። አለቃቸው ቀጭን፣ መነጽር ያደረገ መሐንዲስ ነበር፤ ብርዳም አገር ተምሮ ነው የመጣው ይሉ ነበር። ሁላችንም "ጓድ ኢንጅነር" ነው የምንለው። መኪና የሚቆጥር ሰው እንደሚፈልግ መናኸሪያ ተወራ። ሄድኩ።

"ስንተኛ ክፍል ነህ?" አለኝ።

"አራተኛ፣ ጓድ ኢንጅነር። ግን በደንብ ነው የተማርኩት፤ ሁለቴ።"

አልሳቀም፣ ግን መነጽሩን አወለቀ። ዞር በል አለኝና በአስፋልቱ የሚያልፉትን መኪኖች በድምፅ እንድነግረው አደረገ። ስድስት መኪና አለፈ፣ ስድስቱንም ነገርኩት። አንደኛው ላይማ የኋላ ጎማው ንፋስ ጎድሎታል አልኩ። ሹፌሩን አስቁሞ አየ። ጎድሎታል። በዚያው ቀን ሰሌዳና እርሳስ ተሰጠኝ፣ የቆጣሪዎች አለቃም ተባልኩ። ቆጣሪዎቹ ገና አልተቀጠሩም ነበር፤ ለጊዜው አለቃነቴ በራሴ ላይ ነበር።

ሥራው እንዲህ ነው። ከዋናው አስፋልት እየተገነጠሉ ወደ ገጠር የሚገቡ ሁለት የጭቃ መንገዶች አሉ፣ አንዱ ወደ ወርቃ፣ አንዱ ወደ አሪቻ። ለአውራጃው የተሰጠው አንድ ግሬደርና አንድ ዳምጠው ብቻ ስለሆነ በመጪው በጋ ጠጠር የሚለብሰው አንዱ መንገድ ነው። የትኛው እንደሆነ ቆጠራው ይወስናል።

እዚህ ላይ እህቴን ላስተዋውቃችሁ። እናታችን ስትሞት እኔ ገና ጥርሴን እየቀየርኩ ነበር። ያሳደገችኝ እሷ ናት። ቤቷ በወርቃው መንገድ ላይ፣ ከአስፋልቱ በእግር ሁለት ሰዓት ተኩል ወደ ላይ ነው። ባሏ ዘምቶ አልተመለሰም። ቡናዋን ብቻዋን ትለቅማለች፣ ብቻዋን ታወርዳለች። እሸት ቡና ደግሞ አይጠብቅም፤ የተለቀመ ዕለት ማጠቢያው ካልደረሰ ይቦካል፣ አይቀበሉም። የማጠቢያው መኪና አስፋልቱ ዳር ድረስ ይመጣል፤ ጭቃውን አይቶ ግን አንድ እርምጃ ወደ ላይ አይልም። ስለዚህ እህቴ ቀይ እሸቱን በጆንያ አዝላ ሁለት ሰዓት ተኩል ትወርዳለች። በዚያ መኸር ጎንበስ ብላ ቀና የምትለው ወገቧን በሁለት እጇ እየያዘች ነበር። ሽማግሌ እንዳትመስላችሁ፤ ከእኔ የምትበልጠው በአሥራ ሁለት ዓመት ነው።

ሥራውን ባገኘሁ በመጀመሪያው እሁድ ወጣሁና ነገርኳት።

"እትዬ፣ የዛሬ ዓመት መኪናው ደጅሽ ይመጣል። ጀርባሽን አሳርፈዋለሁ።"

"ማን ነው የሚያመጣው?"

"እኔ ነኝ። መንገዱ በእጄ ነው።"

"ባለፈው ዓመት ሬዲዮ አመጣልሻለሁ ብለህ ነበር።"

"ሬዲዮ ትንሽ ነገር ነው። እኔ ትልቅ ትልቁን ነው የማመጣው።"

ሳቀች። ስትስቅ ወገቧን ያዘች። ያን ጊዜ በልቤ ማልኩ፤ እውነተኛ መሐላ፣ ቀልድ የሌለበት።

ሁለተኛ ቆጣሪ ሲያስፈልግ ለጓድ ኢንጅነር ጓደኛዬን አመጣሁለት። እሱም እንደኔ የመኪና ረዳት የነበረ ልጅ ነው። መናኸሪያው ጀርባ አንዲት አሮጊት ባከራዩን ክፍል አብረን ነበር የምንኖረው፤ አንድ ፍራሽ፣ አንድ ብርድ ልብስ። ዝምተኛ ነው። እኔ ሦስት ጊዜ ሳወራ እሱ አንድ ጊዜ "እ" ይላል፣ ተግባባን ማለት ነው። እናቱ አሪቻ በኩል ናት። እህቴ ጋ ለበዓል ይዤው እወጣ ነበር፤ ቆጮውን ከእኔ ቀድማ ለእሱ ነበር የምታቀርብለት፣ "ይሄ ልጅ አያወራም፣ ስለዚህ ይርበዋል" እያለች። እሱ አሪቻ መገንጠያ፣ እኔ ወርቃ መገንጠያ ተቀመጥን።

ጓድ ኢንጅነር አሠራሩን ያስረዳው ለእኔ ብቻ ነው፤ አለቃ ነኛ። ላንድሮቨሩ ውስጥ አስቀምጦ፣ "ስማ፣ አንድ መንገድ በሰዓት ስንት መኪና ማሳለፍ ይችላል፣ ይሄ አቅሙ ነው። የሚያልፈው ሰው ደግሞ እንዴት ሆኖ ነው የሚያልፈው፣ ይሄ አገልግሎቱ ነው። ሁለቱ ይለያያሉ" አለኝ።

"መኪና አለፈ ብዬ መጻፍ ብቻ አይበቃም?"

"አይበቃም። ብቻውን ነው ያለፈው፣ ወይስ ሌላ መኪና ጅራት ላይ ተለጥፎ? የፊተኛው ካለፈ በኋላ አምስት ሳትቆጥር ኋለኛው ከደረሰ፣ እየተከተለ ነው። መቅደም ፈልጎ ቦታ አጥቷል ማለት ነው። እሱን በሁለተኛው ረድፍ ጻፍ።"

እኔ ስንት ዓመት ነው የሰው መኪና አቧራ ስበላ የኖርኩት። ሹፌራችን ጥሩምባ እየነፋ፣ የፊተኛው ጎማውን መንገዱ መሃል ተክሎ፣ አንዱ ዳገት ግማሽ ቀን የሚሆንበትን አውቃለሁ። ያ ሁሉ ብስጭት በወረቀት ላይ ረድፍ እንዳለው ማንም አልነገረኝም ነበር። ደስ አለኝ፤ በስንት ዓመቴ የማውቀው ነገር ትምህርት ሆኖ መጣ።

ከዚያ ውጤቱን ነገረኝ። መንገድም እንደ ተማሪ ማርክ አለው፤ ከሀ ጀምሮ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ እያለ እስከ ረ ይወርዳል። ሀ ማለት ሹፌሩ እንደልቡ የሚሄድበት ነው። ረ ማለት መኪና ከመኪና ኋላ ተደርድሮ፣ በእግሩ የሚሄድ ሰው እየቀደመው የሚሄድበት።

"እንግዲያው ረ ያገኘ ወደቀ" አልኩ።

"ረ ያገኘ ጠጠር ያገኛል" አለኝ። "ይሄን ግን ለማንም እንዳትናገር። ሕዝቡ ካወቀ መንገዱ ላይ ጉድጓድ ይቆፍራል።"

አልናገርም አልኩ። ለእህቴም አልነገርኳትም፣ ለገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበርም፣ ለማንም። በዚያው ቀን ቤት ስገባ ግን ለጓደኛዬ ነገርኩት። ጓደኛ እንደ ሰው አይቆጠርም፤ የራስ ጆሮ ነው ብዬ። ረውን፣ ሐውን፣ አምስት መቁጠሩን፣ ሁሉንም በከሰል ግድግዳው ላይ እየጻፍኩ አስተማርኩት። እንደዚያን ቀን ጎበዝ መምህር ሆኜ አላውቅም።

"ስለዚህ የወደቀ ነው የሚያልፈው" አለ።

"ገባህ። እኔ በዚህ ሕግ ብማር ኖሮ ዩኒቨርሲቲ እገባ ነበር።"

እሱ ግድግዳው ላይ ያለውን ረ በጣቱ ተከትሎ ጻፈው።

ቆጠራ ቀላል ሥራ እንዳይመስላችሁ። ከጠዋት እስከ ማታ መገንጠያው ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጣችሁ አራት ቋሚ መስመር፣ አምስተኛውን በአግድም። ዝናብ ሲመጣ ሰሌዳውን በሸሚዝ ሥር፣ ራስን በእንሰት ቅጠል። ሰው ሁሉ መጥቶ "እኔን ጻፈኝ" ይላል። አንድ ጋሼ ነበሩ፣ በቅሏቸውን እየሳቡ በየገበያው ቀን ያልፋሉ።

"በቅሎዬን ጻፍካት?"

"ጽፌያታለሁ፣ ጋሼ፤ በእንስሳ ረድፍ።"

"እንስሳ ናት እንዴ? ያ መኪና እኮ ትናንት ጭቃ ውስጥ ቆሞ እሷ ናት ያለፈችው። መኪናውን በእንስሳ ጻፈው፣ እሷን በመኪና።"

ለጓድ ኢንጅነር ስነግረው ማስታወሻው ላይ አንድ ነገር ጻፈ። ቀልድ መሆኑን የተረዳ አልመሰለኝም። ወይም ከእኔ በላይ ተረድቶታል።

የእኔ መንገድ ጥሩ መጥፎ ነበር። አንድ መኪና ማጥ ውስጥ ሲሰምጥ ሦስት አራት ከኋላው ይሰለፋል። ሁለተኛው ረድፌ ከመጀመሪያው ይበልጥ ነበር ማለት ይቻላል። ማታ ማታ ለጓደኛዬ እየደነፋሁ አሳየዋለሁ፤ "የእኔው ማጥ ዛሬ ሁለት ኡራል ዋጠ፤ ያንተስ?" እሱም ወረቀቱን ያወጣል። አሪቻም መጥፎ ነበር። ተቀራርበን ነበር፣ በጣም።

ቆጠራው ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው ጓድ ኢንጅነር ወረቀቶቻችንን አይቶ ራሱን አከከ። "እኩል ናቸው" አለ። "ሐሙስ ሁለቱንም በራሴ መኪና እነዳቸዋለሁ። በሰዓት ለክቼ እወስናለሁ።"

እሁድ እየሮጥኩ ወደ እህቴ መንደር ወጣሁ። ሰዉ ከገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ እየወጣ ነበር። ሊቀመንበሩ ባሉበት፣ እህቴም ቆማ፣ "ሐሙስ ትልቅ እንግዳ ይዤ እመጣለሁ፤ መንገዱን አይቶ ማርክ ይሰጠዋል" አልኩ።

"እኛ ምን እናድርግ?" አለች እህቴ።

ምን ልበላት? ምንም አታድርጉ፣ ይበላሽ፣ ብል ለምን ብለው ይጠይቁኛል፤ ለጓድ ኢንጅነር አፌን ዘግቼአለሁ። ደግሞም ምስጢር ያለው ሰው መምሰል ደስ ይለኝ ነበር።

"ለእኔ ተዉት" አልኩ። "የምታደርጉት ነገር ካለ ሰው እልካለሁ።"

ሰው እልካለሁ አልኩ። ያቺን ቃል ዲላ ተመልሼ ለጓደኛዬ እየሳቅኩ ነገርኩት፤ ሊቀመንበሩ እንዴት አፋቸውን ከፍተው እንደሰሙኝ፣ እህቴ እንዴት እንደኮራችብኝ።

"እ" አለ።

ሰኞ ጠዋት የአሪቻው ቆጠራ ስላለቀ እናቱን ሊያይ እንደሚሄድ ነግሮኝ ወጣ። የእኔ ገና ሁለት ቀን ይቀረው ነበር። ደህና ሁን፣ ሰላም በልልኝ አልኩት። ጫማዬን ሁሉ አዋስኩት፤ የእሱ ተረከዙ ተበስቶ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ላንድሮቨሩ ውስጥ ከፊት ተቀመጥኩ። ጓድ ኢንጅነር ራሱ ይነዳል፣ የሩጫ ሰዓቱ እኔ ጉልበት ላይ ነው። መገንጠያውን አለፍን። የመጀመሪያው ማጥ ጋ ስንደርስ የመኪናውን እጀታ ግጥም አድርጌ ያዝኩ፤ እዚያ ጋ ራስ ከጣሪያ ይጋጫል።

ራሴ የትም አልተጋጨም።

ማጡ የለም፤ መገንጠያው ላይ ከምቀመጥበት ድንጋይ ደግሞ ይሄ ቦታ በኩርባ ተሸፍኖ አይታየኝም ነበር። በድንጋይ ሞልቶ፣ ላዩ ላይ የቀርከሃ ርብራብ ተነጥፎ፣ በአፈር ተደልድሎ፣ በእግር ተረግጦ። ቀጥሎ ያለው ጉድጓድ፣ እሱም ተሞልቷል። ውሃ የሚተኛበት ቦታ ቦይ ተቆፍሮለታል። ኩርባው ላይ መኪና ከመኪና የማይተላለፍበት ጠባብ ነበር፤ ዳገቱን ቆርጠው ሁለት መኪና የሚያስተላልፍ አድርገውታል። በየቦታው የእንሰት ቅጠል ግራና ቀኝ ተተክሏል፣ ሙሽራ የሚመጣ ይመስል።

በእኛ አገር እንግዳ ሲመጣ መንገድ ይበጃል። ለሠርግም ለለቅሶም ያው ነው። ጎረቤት ተጠራርቶ ይወጣል፣ እንግዳ እግሩ ጭቃ እንዳይነካ። በዚህ ነውር የለም፣ ደግሞ ማንም አዋቂ ሰው ይሄን ሲያደርግ አይከለከልም። እኔ የመንገድ ሥራ አለቃ ነኝ ባይ፣ ይሄን የራሴን አገር ወግ ረስቼ ነው ሐሙስ እንግዳ አመጣለሁ ያልኩት።

"ጥሩ ነው" አለ ጓድ ኢንጅነር፣ ማርሽ እየጨመረ።

"ጓድ ኢንጅነር፣ ይሄ መንገድ እንዲህ አይደለም።"

"አሁን የምንሄድበት የትኛው ነው?"

"እሱ ራሱ ነው።"

"እንግዲያው እንዲህ ነው ማለት ነው።"

"ባለፈው ሳምንት ሁለት ኡራል ውጧል። ጽፌዋለሁ እኮ።"

"እሱን አየሁ። ዛሬ ደግሞ ይሄን እያየሁ ነው።"

መንደሩ ጋ ስንደርስ ሕዝቡ መንገድ ዳር ተሰልፎ ያጨበጭባል። ሊቀመንበሩ ካኪ ለብሰው ወደ መስኮቱ መጡ።

"ጓድ ኢንጅነር፣ የገበሬ ማኅበራችን አባላት በሁለት ቀን ነው ያበጁት" አሉ። "ማንም ሳያዛቸው፣ በራሳቸው ተነሳሽነት።"

ጓድ ኢንጅነር ወረደና እጃቸውን ጨበጠ። ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ሲል አየሁት። "መንገዱን በራሱ የሚጠብቅ ሕዝብ ማግኘት ትልቅ ነገር ነው" አለ። "ግሬደር የሚያስፈልገው እንዲህ ማድረግ ለማይችል ቦታ ነው።" ሊቀመንበሩ ተመሰገንኩ ብለው ደረታቸውን ነፉ። 

እህቴ ከሴቶቹ መሃል ወጥታ ወደ እኔ መጣች። ጉልበቷ ድረስ ጭቃ ነው። ፊቷ ግን ያበራል።

"እንዳልከው አደረግን" አለችኝ በጌዴኦኛ።

"ምን አልኩ እኔ?"

"የላክኸው ልጅ ሰኞ መጣ። መንገዱ ካማረ ጥሩ ማርክ ያገኛል፣ ጥሩ ማርክ ካገኘ ጠጠር ይሰጣችኋል፣ ወንድምሽ ነው የላከኝ፣ ቶሎ በሉ አለን። ድንጋዩን ከወንዙ ያወጣነው እኛ ሴቶቹ ነን።"

"በምን አወጣችሁት?"

"በምን እናወጣዋለን፣ በጀርባ ነዋ።"

ቀና ልትል ስትል ወገቧን በሁለት እጇ ያዘች። ላሳርፈው የማልኩበት ጀርባ ሁለት ቀን ሙሉ ድንጋይ ሲሸከም ከረመ፤ ያውም በእኔ ስም። እዚያ ሁሉ ሰው ፊት "እኔ አልላክሁም" ብል ሊቀመንበሩ ይዋረዳሉ፣ ሕዝቡ ይዋረዳል፣ እሷም። 

"ጎበዝ፣ እትዬ" አልኳት።

ጓድ ኢንጅነር የሩጫ ሰዓቱን ከእጄ ወስዶ አየና ወረቀቱ ላይ ሐ ብሎ ጻፈ።

ከሰዓት በኋላ አሪቻ ሄድን። ምን ልንገራችሁ። መገንጠያውን እንዳለፍን አንድ ኤንትሬ መንገዱ ላይ ተጋድሞ፣ ከኋላው አራት መኪና ተሰልፎ፣ ሹፌሮቹ ከመኪና ወርደው ገበጣ ይጫወታሉ። ላንድሮቨራችን ራሱ ሁለት ጊዜ ተጎተተ። የአሪቻ ሰው ግን የትም አይታይም፤ አንድም አካፋ፣ አንድም ቅጠል። ማንም አልላከባቸውም። ጓድ ኢንጅነር እየተናደደ ረ ብሎ ጻፈ።

ቤት ስገባ ጓደኛዬ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ጫማዬን በውሃ እያጠበ ነበር። ጫማው ላይ ያለው ቀይ አፈር የእኛ መንደር አፈር ነው፤ የአሪቻው ጠቆር ይላል።

"እህቴ ጋ ወጣህ?"

"ወጣሁ።"

"ልኮኝ ነው አልካት?"

"አልኩ።"

"መቼ ላክሁህ?"

"አልላክኸኝም።"

እንዲህ ነው የመለሰልኝ። እኔ ይክዳል ብዬ ነበር የተዘጋጀሁት። ቢክድ እጮህ ነበር፣ ምናልባት እመታው ነበር። ሰው ሲያምን ምን ይደረጋል?

"አብረን አንድ ፍራሽ ላይ ተኝተን ነው ይሄን ያሰብከው?"

"እናቴ እግሯ አብጦ ከቤት መውጣት አትችልም" አለ ጫማውን እየፈገፈገ። "ሐኪም ቤት በቃሬዛ ነው የምትወርደው። የአንተ እህት ቢያንስ ትሸከማለች።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ብነግርህ ትተውልኝ ነበር?"

አሰብኩ። እውነቱን ልናገርና፣ አልተውለትም ነበር። ግን ይሄን ያወቅኩት በኋላ ነው፤ ያን ሰዓት "እተውልህ ነበር" አልኩት።

"አንተ" አለ፣ በሕይወቱ ረጅሙን ንግግር ሊያደርግ፣ "ረ ጥሩ መሆኑን ለእህትህ አልነገርካትም። ለአገርህ ሰው አልነገርካቸውም። ለእኔ ነገርከኝ።"

"ጓደኛዬ ነህ ብዬ ነዋ።"

ጫማዬን አጠበና ፀሐይ ላይ አስቀመጠው። ጥንድ ጥንዱን፣ አፉን ወደ ፀሐይ አድርጎ፣ በጥንቃቄ። በዚያው ቀን ልብሴን በማዳበሪያ ከረጢት አድርጌ ወጣሁ። አሮጊቷ "ምን ሆናችሁ?" ሲሉኝ "መንገድ ጠበበን፣ እማማ" አልኳቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልድ ተናግሬ ማንም እንዲስቅልኝ አልፈለግኩም።

ጠጠሩ በበጋው ወደ አሪቻ ወጣ። ጠጠር የሚያመላልሰው መኪና ሲሄድ ሰማሁት፤ በድምፁ ዲላ ዳር ላይ ሆኜ አወቅኩት፣ ሞልቶ ነው የሚሄደው። የእኛዎቹ ያበጁት ደግሞ በመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ነበር የሄደው። ቀርከሃው ተሰብሮ ወጥቶ እንደ ጎድን አጥንት ይታይ ነበር።

በሚቀጥለው መኸር ልረዳት ወጣሁ። ዓመቱን ሙሉ በሆዴ ይዤው የከረምኩትን ነገር፣ እሸቱን እየለቀምን ነገርኳት። ያ ልጅ አታሎሻል፣ እኔ አልላክሁትም፣ መንገዱ የወደቀው ስላማረ ነው፣ ብዬ ከሀ እስከ ረ ዘረዘርኩላት። እጇን ሳታቆም ሰማችኝ።

"ያማረ መንገድ ወደቀ ነው የምትለኝ?"

"አዎ።"

"የተበላሸው አለፈ?"

"አዎ፣ እትዬ። ሕጉ እንዲያ ነው።"

ቀና አለች። እንደ በፊቱ በሁለት እጇ ሳይሆን ግንድ ይዛ ነው አሁን ቀና የምትለው።

"አንተ ስታወራ ነው ያደግከው" አለች፣ ሳትቆጣ። "ያን ልጅ አውቀዋለሁ። ሁለት ቀን ከእኛ ጋር ድንጋይ ተሸክሟል። ትከሻው ተልጦ ነበር፣ ቅቤ የቀባሁለት እኔ ነኝ። አንተ ሐሙስ በመኪና መጣህ።"

ይሄን አላውቅም ነበር። ሁለት ቀን አብሯቸው ድንጋይ መሸከሙን። ለማሳመን ይሁን፣ ወይ አፍሮ ይሁን፣ እስካሁን አላውቅም። የማውቀው የእሱ ትከሻ ከእኔ አፍ በላይ መታመኑን ነው። እኔ በዚያች ቀን እውነቱን ነበር የተናገርኩት፤ ምናልባት በሕይወቴ አንድም ቃል ሳልጨምር የተናገርኩት ያን ብቻ ነው። እሷ ደግሞ ጥፋቴን ሰው ላይ የማላክክ መስሏታል።

"አንተ ምናልባት የላክኸውን ረስተህ ይሆናል" አለች ላጽናናኝ ብላ። "አልተቀየምኩህም።"

ጆንያዎቹን አሰርን፤ ትልቁን እኔ ያዝኩ፣ ትንሹን አልሰጥም አለች። ልንነሳ ስንል ወደ ቤት ገብታ በቅጠል የተጠቀለለ ቡላ ይዛ ወጣች።

"ዲላ ስትደርስ ለዚያ ልጅ ስጥልኝ። ከሠራው ጋር የሚመጣጠን አይደለም፣ ግን እናቱ ታማ እንደሆነ ነግሮኝ ነበር።"

ቡላውን ተቀበልኳት። ለሁለት ሰዓት ተኩል ጆንያውን በጀርባዬ፣ ቡላውን በብብቴ ይዤ ጭቃውን ወረድኩ። ዲላ ስደርስ ለእሱ አልሰጠሁትም፤ በምን ፊቴ ብዬ። ብቻዬን በላሁት፣ በአንድ ሳምንት።

በሚቀጥለው እሁድ እህቴ ሌላ ጆንያ እያሰረች፣ "ወደደው?" አለችኝ።

"በጣም ወደደው፣ እትዬ" አልኳት።